ረቡዕ ማታ በጠረጴዛ 4፦ የጥያቄና መልስ ቡድናችን የሥራ ማስታወሻ

ሳምንት 1

ውጤት፦ 24 ከ60። አሸናፊው ጠረጴዛ 52 አግኝቷል። ከ11 ቡድን 10ኛ ወጥተናል።

ቦታው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ያለ መጠጥ ቤት ነው። ውድድሩ በየረቡዕ ማታ በእኛ 1 ሰዓት ተኩል፣ በእነሱ 7 ተኩል ይጀመራል። አምስት ዙር አለው፤ በየዙሩ 10 ጥያቄ ይነበባል፤ ሦስተኛው ዙር የፎቶግራፍ ወረቀት ነው። እያንዳንዱ ቡድን አንድ ዙር መርጦ ነጥቡን እጥፍ ያስይዛል፤ ምርጫው ግን ጥያቄው ከመነበቡ በፊት መነገር አለበት። ስልክ ያወጣ ቡድን የዙሩን ነጥብ በሙሉ ያጣል። ለመግባት አይከፈልም። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ቡድኖች የቤቱ ኩፖን ይሰጣል፤ የሦስተኛው 25 ዶላር ነው።

አምስት ነን። ጋሼ ደሴ ውስጥ 19 ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማሩ ናቸው፤ አሁን የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ ይሠራሉ። ሾፌራችን ቀኑን ሙሉ ዋሽንግተንን ሲዞር ይውላል። ነርሷ እሑድ እሑድ በሰንበት ትምህርት ቤት ትዘምራለች። ታናሻችን በዘጠኝ ዓመቱ ወደዚህ የመጣ የኮሌጅ ተማሪ ነው። እኔ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ። ሐሳቡን ያመጣው ሾፌራችን ነው፤ የምንገናኘው ለቅሶና ክርስትና ላይ ብቻ ሆኖ ነበርና ሁላችንም ወዲያው ተስማማን።

ቤዝቦል ከ10 ሁለት። የቴሌቪዥን ድራማ ዜሮ። ሳይንስ ስምንት፤ ይህን ዙር ግን እጥፍ አላስያዝነውም።

ሳምንት 2

ውጤት፦ 27። እጥፉን ጂኦግራፊ ላይ አስያዝን፤ ጋሼ አሉን ብለን። የተነበበው ግን የአሜሪካ ወንዞችና የክፍለ ግዛት ዋና ከተሞች ሆነ። ሁለት ብቻ መለስን። አናፖሊስን ያወቅነው ሜሪላንድ ስለምንኖር ነው። ለኬንታኪ ሉዊቪል ብለን ጻፍን፤ መልሱ ፍራንክፎርት ነበር።

ቅዳሜ የማጥኛ ዕቃ ገዛሁ፦ 500 ባዶ ካርድ 11 ዶላር፣ እስክሪብቶ 3 ዶላር፣ ያገለገለ አትላስ 4 ዶላር፤ በድምሩ 18። ሣጥኑ የጫማ ካርቶን ነው፤ በወፍራም ወረቀት አምስት ቦታ ከፈልኩት። አሠራሩ ላይትነር የተባለ ጀርመናዊ ጋዜጠኛ በ1970ዎቹ ያስፋፋው ነው። አዲስ ካርድ መጀመሪያው ክፍል ይገባል፤ በትክክል ከመለስከው ወደሚቀጥለው ያልፋል፤ ከተሳሳትክ የትም ቢደርስ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። የመጀመሪያው ክፍል በየቀኑ ይታያል፣ የመጨረሻው በወር አንድ ጊዜ። ጥያቄውን በእንግሊዝኛ፣ ማብራሪያውን በአማርኛ እጽፋለሁ።

በአንድ ሳምንት 140 ካርድ ጻፍኩ። ይህ ስሕተት ነበር። በየቀኑ 140 ካርድ የሚያገላብጥ ሰው ከእኛ መሃል የለም፤ ሁላችንም ሠራተኞች ነን። ወደ 40 ቀነስኩትና ለአምስት አካፈልኩት፤ ለእያንዳንዱ ስምንት ደረሰው።

ሳምንት 3

ውጤት፦ 31። ከነጥቡ ይልቅ አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ነስቶኝ አደረ።

አራተኛው ዙር ላይ አንባቢው ኢትዮጵያዊው አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶን ያሸነፈበት ኦሊምፒክ በየትኛው ዓመት እንደተካሄደ ጠየቀ። ልባችን ዘለለ። በሦስት ሳምንት ውስጥ የእኛ የሆነ ጥያቄ ሲመጣ የመጀመሪያው ነበር። ጋሼ ፊታቸው በርቶ «1952! ጳጉሜን 5፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ!» አሉ። ታናሻችን እስክሪብቶውን ይዞ ጥቂት ቆየና 1952 ብሎ ጻፈ። መልሱ 1960 ነበር።

ጋሼ አልተሳሳቱም። የሮም ማራቶን የተሮጠው እ.ኤ.አ. መስከረም 10 ቀን 1960 ሲሆን፣ በእኛ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ በማግሥቱ 1953 ገባ። አባታቸው በየዓመቱ ጳጉሜን 5 ማታ ታሪኩን ይነግሯቸው ነበር፤ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ የሚለውን ሳይቀር። ችግሩ 1952 በፈረንጆቹ አቆጣጠርም የኦሊምፒክ ዓመት መሆኑ ነው፤ ሄልሲንኪ ላይ ተካሂዷል። ጋሼ 1951 ቢሉ ኖሮ «በዚያ ዓመት ኦሊምፒክ የለም» የሚል አንድ ሰው አናጣም ነበር። 1952 ግን ትክክል ይመስላል፤ ማንም አልነቃም።

ማንም ማለቴ ልክ አይደለም። ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ ታናሻችን ዓመቱ 1960 መሆኑን ያውቅ እንደነበር ተናገረ። ሾፌሩ «ታዲያ ለምን አልተናገርክም?» ቢለው «ጋሼን እንዴት አርማለሁ?» አለ። ጋሼ ከፊት ወንበር ይሰሙ ነበር። ጆርጂያ አቬኑ ላይ ሁለት መብራት እስክናልፍ ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ ወደ ኋላ ዞረው «ልጄ፣ እኔን ማክበር ከፈለግህ አበበን አስቀድም» አሉት።

በዚያው ሌሊት የመለወጫ ካርድ ሠራሁ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 በእኛ ዓመት ላይ ሰባት ደምር፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ስምንት። ሜትር ወደ ጫማ በ3.28 አባዛ። ኪሎ ሜትር ወደ ማይል በ0.62። ሴልሺየስን በ1.8 አባዝተህ 32 ጨምር። በዕለት ተዕለት ኑሯችን እነዚህን ሁሉ እናውቃቸዋለን፤ ጠረጴዛው ላይ ግን አንባቢው በሰላሳ ሰከንድ ወደሚቀጥለው ያልፋል።

ሳምንት 4

ውጤት፦ 35። የተሳሳትናቸውን ጥያቄዎች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መዝግቤያለሁ። ከ200 ጥያቄ 98 ስተናል። ዳር ላይ አራት ምልክት አደረግሁ፦ «አ» ጨርሶ ያላወቅነው፣ «ዝ» አንዳችን አውቀን ዝም ያልነው፣ «ቀ» የቀን አቆጣጠር ወይም የመለኪያ ስሕተት፣ «ተ» ተጣድፈን የሳትነው። ሲቆጠር «አ» 57፣ «ዝ» 17፣ «ቀ» 11፣ «ተ» 13 ሆነ።

57ቱን ለመሙላት ዓመት ይፈጅ ይሆናል። የ«ዝ»ን 17 ግን ዛሬውኑ ማስቀረት ይቻላል። ካርድ መጻፍ ላይ ብቻ ማተኮሬ ትክክል እንዳልነበረ ያሳየኝ ይህ ቆጠራ ነው። ያጣነው ነጥብ ውስጥ ቀላል የማይባለው ቤታችን የነበረ ነው።

አዲስ ደንብ አወጣን። ጥያቄው እንዳለቀ ሁላችንም እኩል ጣት እናወጣለን፤ አንድ ጣት ግምት፣ ሁለት «ይመስለኛል»፣ ሦስት «እርግጠኛ ነኝ»። ሦስት ያወጣ ይናገራል። ሁለት ሰው ሦስት ካወጣ ታናሹ ይቀድማል። ከታናሽ ወደ ታላቅ የሚለውን ያመጡት ራሳቸው ጋሼ ናቸው። «እኔ ከተናገርኩ በኋላ ማን ይናገራል? እኔ መጨረሻ ልሁን» አሉ።

ደግሞ አንድ ያላሰብነው ጉልበት አገኘን። ሁለተኛው ዙር የአሜሪካ መንግሥት አወቃቀር ነበር። አራታችን የዜግነት ፈተናውን 100 ጥያቄ በቃላችን አጥንተን ያለፍን ነን። የሕገ መንግሥቱ ማሻሻያ ስንት ነው? 27። ድምፅ የሚሰጡ የምክር ቤት አባላት? 435። የሴናተር ዘመን? ስድስት ዓመት። ዘጠኝ መለስን። ጎረቤት ጠረጴዛ ያሉት የአገሩ ተወላጆች አምስት አግኝተዋል። እጥፉን ግን ሳይንስ ላይ አስይዘነው ስድስት ብቻ አመጣ። ርዕሶቹ ማክሰኞ ማታ እንደሚለጠፉ እስከዚህ ሳምንት አላወቅንም ነበር።

የወሩ ወጪ፦ በሳምንት 46 ዶላር ለአምስት ሰው፣ አራት ሳምንት 184፤ ከዕቃው 18 ጋር 202።

ሳምንት 5

ውጤት፦ 34። ወጪው ላይ ተነጋገርን። ረቡዕ ጾም ነው፤ ነርሷና ጋሼ የሚበሉት ድንች ጥብስ ብቻ ነበር። ነርሷ አስተናጋጇን ስትጠይቅ ድንቹ ዶሮው በተጠበሰበት ዘይት እንደሚጠበስ ነገረቻት። ለአራት ሳምንት ሳታውቅ መብላቷ በጣም አሳዘናት። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ማታ 11 ሰዓት ተኩል ጋሼ ቤት ተሰብስበን ሽሮና ምስር እንበላለን፤ ካርድ እናያለን፤ ከዚያ አብረን እንሄዳለን። መጠጥ ቤቱ ውስጥ እያንዳንዳችን ቢያንስ አንድ መጠጥ እናዛለን፤ ለአስተናጋጇም ጉርሻ አናጎድልም። የሰው ወንበር ይዞ ባዶውን መቀመጥ ነውር ነው ብለዋል ጋሼ፤ እኔም እስማማለሁ።

ሌላም ነገር ሆነ። ጣት ካወጣን በኋላ የምንነጋገረው በአማርኛ ነው፤ ድምፃችንን አንቀንስም ነበር። ከሦስተኛው ዙር በኋላ ከጠረጴዛ 5 አንዲት ሴት መጣች። «ወንድሞቼ፣ ቀስ በሉ፤ ሁሉንም እየሰማሁ ነው። ለጠረጴዛዬ አንድም አልነገርኩም፤ ግን ጆሮዬን መድፈን አልችልም» አለች። ከደቡብ ወሎ ናት፤ ፀጉር ቤት ትሠራለች። ይቅርታ ጠየቅናት፣ አመሰገንናት። ከዚያ በኋላ ትንሽ ደብተር መሃል አስቀምጠን መልሱን በጽሑፍ እንለዋወጣለን።

ሳምንት 6

ውጤት፦ 33። ወጪ 22 ዶላር።

ሁለት ነጥብ ያጣነው ባወቅነው ነገር ነው። የመጀመሪያው፦ መጽሐፍ ቅዱስ ስንት መጻሕፍት አሉት? ነርሷ ሦስት ጣት አወጣች፤ 81። ሰማንያ አሐዱ ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀው ነው፤ ሄኖክና ኩፋሌ ያሉበት። አንባቢው የያዘው መልስ 66 ነበር። ነርሷ ዙሩ ሲያልቅ ሄዳ በትሕትና አስረዳችው፤ የካቶሊኮቹ 73 መሆኑንም ጨመረችለት። ነጥቡን አልሰጠንም፤ ወረቀቱ ላይ ግን ማስታወሻ ሲጽፍ አይቻለሁ። እኔ የምለው፣ ጥያቄው የማንን መጽሐፍ ቅዱስ እንደሚል ካልገለጸ ሁለቱም መልስ ልክ ነው። ለውድድሩ ግን ካርዱ ሁለት መስመር አለው፦ «የእኛ 81፤ እነሱ የሚጠብቁት 66»።

ሁለተኛው፦ በስፋት ትልቁ የአፍሪካ አገር። ጋሼ ሱዳን አሉ፤ እኔም ሱዳን የሚል ካርድ ጽፌ ነበር። ሐምሌ 2011 እ.ኤ.አ. ደቡብ ሱዳን ስትለይ አልጄሪያ አንደኛ ሆናለች። ጋሼ ሲያስተምሩ ሱዳን ትክክል ነበር። ጥፋቱ የ4 ዶላሩ አትላስ ነው፤ ማለትም የእኔ፤ የታተመበትን ዓመት ሳላይ ገዛሁት።

ታናሻችን የዜግነት ማመልከቻውን በዚህ ሳምንት ያስገባል። ከጥቅምት 20 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያመለክት ሰው በአዲሱ ፈተና ነው የሚጠየቀው፤ 128 ጥያቄ ተጠንቶ 20 ይቀርባል፣ ለማለፍ 12 ያስፈልጋል። የእኛን 100 ካርድ ሊወርስ ነበር፤ አሁን ግን የ128ቱን አብረን እናዘጋጃለን።

ሳምንት 7

ውጤት፦ 38። ሣጥኑን አጸዳሁ። መልሳቸው ሊለወጥ የሚችል ካርዶች ጥግ ላይ ቀይ ነጥብ አደረግሁ፤ በወር አንድ ጊዜ ይጣራሉ። 31 ካርድ ቀይ ሆነ። ስዋዚላንድ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ኤስዋቲኒ ናት። የካዛኪስታን ዋና ከተማ አስታና ነበረች፣ በ2019 ኑር ሱልጣን ተባለች፣ በ2022 ወደ አስታና ተመለሰች። ብዙ ጨረቃ ያላት ፕላኔት ጁፒተር ብዬ ጽፌ ነበር፤ ሳተርን ናት፤ በ2025 መጋቢት 128 አዲስ ተመዝግበውላት 274 ደርሳለች።

ቤዝቦልን በካርድ መማር አልቻልንም። ሞክረነዋል፤ ቃላቱ አይጨበጡም። ስለዚህ እሑድ ታናሻችን አንድ ሙሉ ጨዋታ በቴሌቪዥን እያሳየ አስረዳን፤ ጋሼ ጨውና በርበሬ ማስቀመጫውን፣ ስኒውንና የቡና ማቶቱን እንደ አራቱ ማዕዘኖች ደርድረው ሯጩን በባቄላ ፍሬ ያንቀሳቅሱ ነበር። ባቄላዋ ከስኒው ወደ ማቶቱ ስትሄድ ነገሩ ገባኝ። በሁለት ማዕዘን መካከል 90 ጫማ፤ ዘጠኝ ክፍለ ጨዋታ። ሾፌራችን ደግሞ በ2019 የዋሽንግተን ቡድን ዋንጫ ያነሣበትን ሌሊት አስታወሰ፤ ጨዋታው ሂውስተን ነበር፣ እሱ እዚህ ደጋፊ ሲያመላልስ አነጋ። እስከዚያ ቀን ድረስ ያ ትዝታው ነጥብ እንደሚያስገኝ አላሰበም።

ሳምንት 8

ውጤት፦ 40። የጠረጴዛ 5 ቡድን ፈረሰ፤ ሁለቱ የሥራ ፈረቃቸው ተቀየረ። እህታችንን ከእኛ ጋር ተቀመጪ አልናት። እስከ ስድስት ሰው ይፈቀዳል። ፀጉር ቤቱ ውስጥ ቴሌቪዥን ቀኑን ሙሉ ስለሚበራና መጽሔት ስለማይጠፋ የተዋንያንና የዘፋኞችን ፊት ታውቃለች። ፎቶግራፍ ዙር ላይ ሰባት ሳምንት ሙሉ ከሦስት አልፈን አናውቅም ነበር፤ በዚህ ማታ ስድስት። የምትለየው በፀጉር አሠራራቸው ነው፤ ፊቱ ቢደበዝዝም የፀጉሩን መስመር አይታ ትናገራለች።

ሳምንት 9

ውጤት፦ 41። ሾፌራችን የመኪና ሰሌዳ ይሰበስባል። ትራፊክ መብራት ላይ በቆመ ቁጥር ከፊቱ ያለው ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን መፈክር ያነብና ማታ ይነግረኛል። የኒው ሃምፕሸር «ነፃ ሆነህ ኑር ወይም ሙት» ይላል፤ የአይዳሆ ስለ ድንቹ ይናገራል። ዋሽንግተን የሌላት ሰሌዳ የለም፤ ከአገሩ ሁሉ ሰው ይመጣል። 34 ክፍለ ግዛት ሞልቷል። ረቡዕ ዕለት የክፍለ ግዛት ቅጽል ስሞች ዙር መጣ፤ እጥፍ አስያዝነው፣ ሰባት አገኘን።

ሳምንት 10

ውጤት፦ 30። ጋሼ በጉንፋን ተኝተዋል። ሁለት ጂኦግራፊ ጥያቄ ላይ ማንም ከአንድ ጣት በላይ አላወጣም። ከውድድሩ በኋላ ሄደን ጠየቅናቸው፤ ነርሷ ዝንጅብል አፈላች። ጥያቄዎቹን ተኝተው አንድ በአንድ እንድናነብላቸው ጠየቁ፤ ሁለቱንም ያውቋቸዋል።

ሳምንት 11

ውድድር የለም፤ የምስጋና ቀን ዋዜማ ነው። ጾመ ነቢያትም ገብቷል። ካርድ ብቻ አየን። መጨረሻው ክፍል ውስጥ 63 ካርድ ደርሷል።

ሳምንት 12

ውጤት፦ 43። ከጠረጴዛ 9 ጋር እኩል ሦስተኛ ሆንን፤ መለያ ጥያቄ ተነበበ። ለትክክለኛው ቁጥር የቀረበ ያሸንፋል፤ አንድ ደቂቃ ይሰጣል። የኪሊማንጃሮ ከፍታ በጫማ ስንት ነው?

ጋሼ ሦስት ጣት አወጡ። ሌላ ማንም አላወጣም። ደብተሩ ላይ 5,895 ብለው ጻፉና ገፋ አድርገው ሰጡኝ፤ ሜትር ነው። ታናሻችን ከጎኑ 3.28 ጻፈ። እኔ በሦስት አባዛሁ፣ 17,685። እሱ 0.28ቱን፣ 1,650.6። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ደመረና 19,336 ብሎ ወረቀቱ ላይ አሰፈረ። ጠረጴዛ 9 19,000 ብለዋል። አንባቢው 19,341 አለ።

ጋሼ አልጮኹም። ታናሻችንን አንገቱን ይዘው ግንባሩን ሳሙት።

የ25 ዶላሩን ኩፖን ጾሙ ሲፈታ እንጠቀምበታለን። ለሚቀጥለው ሳምንት፦ አዲስ አትላስ እፈልጋለሁ፣ የታተመበትን ዓመት አይቼ። «ዝ» የሚለው ምልክት በዚህ ማታ አንድ ጊዜ ብቻ ተጻፈ፤ እሱም የእኔ ነው። የፔኒሲሊንን ዓመት 1928 መሆኑን እያወቅሁ አንድ ጣት አወጣሁ። ሦስት ማውጣት ነበረብኝ።